ሐበሻ ወደ ቆረቆራት ከተማ የሁለት ቀን መንገድ

መቼም የስደተኛ ነገር ሁሉ የሚታቀደው ቡና ቤት ነው። የእኔም ጉዞ የታቀደው ኦሮራ፣ ሃቫና ጎዳና አካባቢ ካሉት የአገራችን ሰዎች ቡና ቤቶች በአንዱ፣ የኅዳር በረዶ ውጪውን ነጭ ባደረገበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሴንቴኒያል ተነሥቼ በፓርከር መንገድ እየተንሸራተትኩ ስደርስ ጓደኞቼ እንደ ልማዳቸው ፖለቲካውን አጧጡፈውታል። እኔ ግን የዚያን ዕለት ለክርክር ልብ አልነበረኝም። ኪሴ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዣለሁ፤ በወረቀቱ ላይ «ቅዳሜ» እና «እሁድ» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ተጽፈዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቤት «እቴቴ» የምንላት ታላቅ እህቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር። በመጪው ታኅሣሥ ለምርመራ ትመለሳለች። ሐሙስና ዓርብ ትመረመራለች፤ ውጤቱ የሚነገራት ሰኞ ነው። እኔ በ1998 ዓ.ም. ከአገር ከወጣሁ ወዲህ ዓይኗን አላየሁም። አገር ቤት ለምን እንደማልገባ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነውና እተወዋለሁ። እናታችን ስታርፍ እንኳ ቀብሯን የተከታተልኩት በስልክ ነው። የቄሱን ድምፅ ሰማሁ፣ የአፈሩን ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ የእቴቴን ጩኸት ሰማሁ፣ ከዚያ መሥመሩ ተቋረጠ። ሕንድ እንግዲህ ለእኛ የመገናኛ ሜዳ ሆነች፤ እርሷ ከአዲስ አበባ በሕክምና ቪዛ፣ እኔ ከዴንቨር በጎብኚ ቪዛ።

እቴቴ በስልክ የሰጠችኝ ትእዛዝ አንድ ነው፦ «ሆቴል አስቀምጠህ የሰኞን ውጤት እንዳታስጠብቀኝ። ባለፈው ሳምንቱን ሙሉ ጣሪያ ስቆጥር ነው የከረምኩት። መኪና ተከራይና አንድ ነገር አሳየኝ።»

ወረቀቴን ዘርግቼ ይህንን ለጓደኞቼ ስነግር ፖለቲካው ቆመ። አንዱ «ታጅ ማሃል ነዋ!» አለ። አግራ ከፑኔ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚርቅ ስነግረው ዝም አለ። ሌላው «ሙምባይ ውሰዳት፣ መንገዱ ጥሩ ነው፣ ባሕርም ትያለች» አለ። ይህ ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ከፑኔ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን እቴቴ አውሮፕላኑ የሚያወርዳት እዚያው ሙምባይ ነው፤ ያየችውን ከተማ መልሼ ላሳያት ነው?

በዚህ መሐል ከጎናችን ብቻቸውን ጋዜጣ የሚያነቡ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው «አውራንጋባድ» አሉ። በአገር ቤት ለብዙ ዓመታት ታሪክ ያስተማሩ፣ እኛ ሁላችን «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው። ጆሮዬ ኦሮራ ስለመሰለው «ኦሮራማ ተቀምጠንባት ጋሼ!» ብላቸው ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። እርሳቸው ግን አልሣቁም። «አውራንጋባድን የቆረቆራት ሐበሻ መሆኑን ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ያን ቀን ከነገሩኝና ከዚያም በኋላ አንብቤ ካገኘሁት አሳጥሬ ላካፍላችሁ።

ማሊክ አምባር እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ በአገራችን ምድር የተወለደ ሰው ነው፤ ብዙዎች ከሐረር ወገን ነው ይላሉ። ገና ልጅ ሳለ በባርነት ተሸጦ ባሕር ተሻገረ። በየመን በሞካ፣ ከዚያም በባግዳድ በኩል እየተሸጠ እየተለወጠ፣ በመጨረሻ በሕንድ በደካን ምድር የአሕመድናጋር ሱልጣኔት ዋና ሹም የነበረው ቸንጊዝ ካን ገዛው። የሚገርመው፣ ገዢው ራሱ በባርነት የሄደ ሐበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት አምባር ነፃ ወጣ፤ ፈረሰኞች አሰባስቦም የጦር አለቃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1600 ሞጉሎች አሕመድናጋርን ሲይዙ፣ ከሱልጣኑ ቤተ ዘመድ አንዱን አንግሦ እርሱ እንደራሴ ሆኖ ቆመ። የሞጉልን ትልቅ ሠራዊት በቀን ሸሽቶ በሌሊት እየወጋ ከሃያ ዓመት በላይ አላስቀምጥ አላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ቢያጣው ጊዜ፣ በተቆረጠ የአምባር ራስ ላይ ቀስት ሲወረውር ራሱን አስሣለ። ሥዕሉ ዛሬ ደብሊን፣ በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። አምባር ግን አንገቱ ሳይቆረጥ፣ ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1626 በዕድሜው ሞተ።

ይህ ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1610 ካድኪ የምትባለውን ከተማ የቆረቆረው። ከኮረብታው ሥር እስከ ከተማው ድረስ ከመሬት በታች የውሃ መውረጃ አሠርቶ ሕዝቡን አጠጣ፤ ውሃው እስከ ዛሬ በስሙ «ነህር ኢ አምባሪ» ይባላል። ልጁ ከተማዋን ፋተህናጋር አላት። እ.ኤ.አ. በ1653 አውራንግዜብ በራሱ ስም አውራንጋባድ አላት። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ መንግሥት ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ብሎ ስሟን ለወጠ። ደብረ ዘይት ሲሉት «ቢሾፍቱ በል»፣ ናዝሬት ሲሉት «አዳማ በል» ሲባል ለኖረ የአገሬ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት ትልቅ ከተማ ናት። ስሟ ሦስት ጊዜ ሲለዋወጥ ውሃው ግን የቆፋሪውን ስም እንደያዘ ቀረ።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ዕቅድ ጻፍኩ። መጀመሪያ ርቀቱን አየሁ፤ 235 ኪሎ ሜትር፣ ማለት 146 ማይል። በኮሎራዶ ሒሳብ ሁለት ሰዓት ከሩብ ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ዴንቨር አየር ማረፊያ ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ አይቶ ሣቀብኝ። «ይህ ሀይዌይ ትሃያ አምስት አይደለም፤ በሬው፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ የጭነት መኪናው ሁሉ አብሮህ ነው የሚሄደው። አምስት ሰዓት ያዝ። ደግሞ እዚያ በግራ በኩል ነው የሚነዳው። አንተ እንዳትነዳ፤ መኪና ከነሾፌሩ ይከራያል።» እኔም ለእቴቴ ስነግራት «ከአዲስ አበባ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን እንደመድረስ ነው» አልኳት፤ ወዲያው ገባት።

ዕቅዴ እንዲህ ይል ነበር። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከፑኔ መነሣት። በመንገድ ላይ አምባር ያገለገለባትን አሕመድናጋርን ማየት፤ እርሷም እ.ኤ.አ. በ2024 አሂልያናጋር ተብላለች። ከሰዓት በኋላ አምባር እ.ኤ.አ. በ1612 ያሠራውን የባድካል በር፣ ከዚያ ፓንቻኪ የሚባለውን የውሃ ወፍጮ፣ ከዚያ ለታጅ ማሃል ወዳዱ ጓደኛዬ ይሁን ብዬ፣ ለአውራንግዜብ ሚስት የተሠራውን «ታናሹን ታጅ ማሃል»፣ ቢቢ ካ ማቅባራን። እሁድ ኤሎራ፤ 34 ዋሻ። ከዚያ የአምባር መቃብር ያለበት ኩልዳባድ። ማታ ፑኔ።

የምግቡንም ነገር አስቤበታለሁ። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነው፤ ሕንድ ደግሞ ሥጋ የማይበሉ ብዙ ሰዎች ያሉባት አገር ናትና ችግር የለም ብዬ ነበር። ኋላ ግን ሥጋ የማይበሉትም ቢሆኑ ወተትና ንጥር ቅቤ እንደሚበሉ ተረዳሁ። ስለዚህ ምስሩ ሲመጣ «ቅቤ ገብቶበታል ወይ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለሚሄድ ጾመኛ ሁሉ ይህች ትጠቅማለች።

ይህን ሁሉ ይዤ ደወልኩላት። በእኔና በእርሷ መካከል አሥር ሰዓት አለ፤ እኔ ልተኛ ስል እርሷ ጸሎቷን ጨርሳ ቡና ላይ ናት። ዕቅዱን እንደ ዜና አንባቢ አነበብኩላት። ስጨርስ የጠየቀችኝ ስለ ታሪኩ አልነበረም።

«ደረጃ አለው?»

«የቱ?»

«ሁሉም። ስንት ደረጃ አለው? አንተ ልጅ፣ እኔ ላሊበላን በገና ዋዜማ በእግሬ ወጥቼ ወርጄ ያየሁት ልብ በነበረኝ ጊዜ ነው።»

አፈርኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዓይነ ኅሊናዬ የያዝኳት ሸማዋን አጣፍታ ገበያ በእግሯ የምትወርደውን እቴቴን ነበር። ዕቅዱን ያወጣሁት ለዚያችኛዋ ነው። ሐኪሟ የመኪና ጉዞ ፈቅዶላታል፤ ነገር ግን በየሰዓቱ ወርዳ እግሯን እንድታፍታታ አዝዟል።

ስለዚህ ወረቀቱን እንደገና ያዝኩ። ወፍጮው ተሰረዘ። ታናሹ ታጅ ማሃል ተሰረዘ። ከ34ቱ ዋሻዎች 33ቱ ተሰረዙ። የቀረው 16ኛው፣ ካይላሳ የሚባለው ነው፤ መግቢያው ከመንገዱ ጋር ትክክል ስለሆነ ግቢውን ያለ ብዙ ደረጃ መዞር ይቻላል። እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ መቅደስ ነው፤ ሥራው የተጀመረው ግን በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከላሊበላ አራት መቶ ዓመት ቀድሞ ነው። ትኬቱ ለውጭ አገር ሰው ከሕንዱ ዜጋ ብዙ እጥፍ ነው፤ ይሁን፣ እንከፍላለን። ከዚያ የአምባር መቃብር ቅርብ ነው።

ስለ አምባር ስነግራት ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ከዚያ «ተመልሶ መጣ?» አለች።

«አልተመለሰም።»

«እናቱስ?»

መልስ አልነበረኝም። እርሷም መልስ አልጠበቀችም። ስለ አምባር እናት ብቻ እየጠየቀችኝ እንዳልሆነ ሁለታችንም አውቀናል።

ዝምታው ሲረዝምብኝ «ሰውየው ግን እኮ ከተማ ሠራ፣ ውሃ አወጣ» አልኩ፤ ራሴን የምከላከል ይመስል። «እኔ እዚህ ቤት ከገዛሁ ስንት ዓመቴ ነው? ጎረቤቴ የፖም ችግኝ ሲሰጠኝ ‹ለሚቀጥለው ዓመት አገሬ እገባለሁ፣ ማን ያጠጣዋል?› ብዬ መለስኩለት። ግቢዬ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። እርሱ ግን አገሩን ረስቶ ይሆናል እንዲህ የቆፈረው።»

«ሞኝ!» አለችኝ እቴቴ። «ውሃ የሚቆፍር ሰው አገሩን የረሳ አይደለም፤ የጠማው ነው። እማዬ ባዶ ግቢ ያለህ መሆኑን ብታውቅ ኖሮ ይበልጥ ታዝንብህ ነበር።» ቀጥላም «እማዬ ልትሞት ስትል የነገረችኝ አለ። በስልክ የሚነገር አይደለም። መኪናው ውስጥ እነግርሃለሁ» አለችና ዘጋችው።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ዕቅዱን ገልብጬ አየዋለሁ። አምስት ሰዓት መሄጃ፣ አምስት ሰዓት መመለሻ፤ ቀድሞ እንደ ብክነት የቆጠርኩት መንገድ ነበር። አሁን ግን ከጉዞው ሁሉ የማልሰርዘው እርሱን ነው። ሾፌሩን ከፊት፣ እኔና እቴቴን ከኋላ አስቀምጬ፣ በየሰዓቱ እየቆምን፣ ቡናዋን በፔርሙስ ይዛ። የባድካልን በር ብናይ ደስ ይለኛል፤ ባናየውም አራት መቶ ዓመት የቆመ በር ነው፣ ይጠብቃል። የአምባር መቃብር ላይ ግን እንቆማለን። እንደ እኛ ዓይነቱ ሰው መጥቶ «እንደምን ከረምክ» ቢለው አይከፋውም።

ዛሬ ጠዋት በረዶ ስጠርግ ጎረቤቴን አገኘሁትና ያ ችግኝ ነገር እንዴት ነው አልኩት። መሬቱ ውርጭ ሳይለቀው አይሆንም፣ በሚያዝያ ና አለኝ። እስከዚያ ታኅሣሥ አለ፣ እስከዚያ ሰኞ አለ። የእቴቴን ውጤት እግዚአብሔር ያሳምርልን። እናንተም ከፑኔ አውራንጋባድ የሄዳችሁበት ካላችሁ፣ በመንገዱ ላይ ለአንዲት ልበ ደካማ ጾመኛ የሚመች ጥላ ያለበት ማረፊያ ብትጠቁሙኝ ውለታችሁን አልረሳም። ሰላም ሰንብቱ።