ባዶ ፒክአፕ፣ ብርቱ ሞተር፣ የሐሮ ወንጪ ዳገት

ዛሬ ስለ ስንዴ ዋግም ስለ ዩሪያም አላወራም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ወንድማማቾች ያሮጀች ፒክአፕ ገዝተው ሞተሯን ትልቅ ሊያስቀይሩ እንደሆነ ነገሩኝና "ከዚያ በኋላ የክረምት ጭቃ አያስቸግረንም አይደል?" ብለው ጠየቁኝ። በስልክ የሚያልቅ መልስ አልሆነልኝም፤ እዚህ ልጻፈው ብያለሁ። መካኒክ አይደለሁም። የምነግራችሁ እኔው ያጠፋሁትንና ከዚያ በኋላ ጠይቄ የተማርኩትን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሰኔ ሊያልቅ አካባቢ፣ ስምንት ኩንታል የጉደኔ ድንች ዘር ከአምቦ በኩል ጭነን ሐሮ ወንጪ ወረድን። ጉደኔ ሆለታ ምርምር ማዕከል ከለቀቃቸው ዝርያዎች አንዱ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዘሩ ጎንቁሎ ስለነበር በፈረስ እየተንገጫገጨ ቡቃያው እንዳይሰበር ብለን ነው መኪና የመረጥነው። መኪናዋ ጉልበቷ ወደ ኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድ፣ የድሮ ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት። ባለቤቱ ወይፈኖች ሸጦ የገዛት ወጣት አርሶ አደር ነው። የመጀመሪያው ሞተሯ 90 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው፤ እሱ ግን አውጥቶ ባለ 3 ሊትር ቱርቦ አስገባባት። ያ 125 አካባቢ ነው። ባሌስትራዋንም ሁለት ሉህ አስጨምሮ ኋላዋን ከፍ አድርጓታል። ስትታይ ታምራለች፣ አልዋሽም።

ሞተሩን ያስቀየረው በሞኝነት እንዳይመስላችሁ። አምቦ ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የወንጪ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየር ያጥረዋል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ አፋፉ ላይ ሲደርስ ሲሶውን ሊጠጋ የሚችል ጉልበት የለውም ማለት ነው። ጥቁር ጭስ እየተፋ በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስት መኪና ያያችሁት ለዚህ ነው። ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህን ይክሳል። ደረቅ መንገድ ላይ ልጁ ልክ ነበር። ጭቃ ላይ ነው ነገሩ የሚለየው።

ቁልቁለቱን ዘሩን እንደጫንን በደህና ወረድን። ሐይቁ ዳር ካሉት ማሳዎች አጠገብ አራገፍን፣ ቡና ጠጣን፣ ዝናብ ጣለ። ከሰዓት በኋላ ባዶዋን ይዘን ስንመለስ ሁላችንም "ባዶ ናት፣ ምን ታደርገናለች" ብለን ነበር። አምስት ሰው ከኋላ ቆመናል። የመጀመሪያው ጠበቅ ያለ ዳገት ላይ የኋላ ጎማው ተንሸራተተ። "ውረዱ፣ ትቅለል!" አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ። ወረድን። ባሰባት።

"ስጠው! ስጠው!" እያልን ጮኽን። ሞተሩ አገሳ፣ የግራው የኋላ ጎማ ባዶውን ተሽከረከረ፣ ጭቃው ፊታችን ላይ ተረጨ፣ ቀኙ ጎማ ግን ቆሞ ያያል። አንዱ ልጅ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ጎማው ስር ወረወረ። እንሰት ለስንቱ ነገር ይበጃል፣ ለዚህ ግን አይሆንም፤ እርጥብ ቅጠሉ እንደ ሳሙና ነው። እኔ ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላውን የአንድ አርሶ አደር ልጅ "ከኋላ ታኮ አድርግ" ብዬ ድንጋይ አስያዝኩት። ልጁ ጎንበስ እንዳለ ሹፌሩ ነዳጅ ጨመረ፣ የመኪናዋ ቂጥ ወደ ገደሉ በኩል ተወርውሮ መጣ። ድንጋዩ ተፈናጠረ። የልጁ እግር በጎማውና በመንገዱ ጠርዝ መካከል ቀረ።

ያን ማታ በፈረስ አውጥተነው፣ ከአፋፉ በሌላ መኪና ወሰድነው። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ዛሬ ይሠራል፣ ያርሳል፣ ግን ያነክሳል። አባቱ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው አይሱዙ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ሽማግሌ ሹፌር አምቦ ላይ ያስረዱኝ። "ጋሼ፣ ያን ያህል ጉልበት እያላት እንዴት አቃታት?" አልኳቸው። "ልጄ፣ በሬህ የቱንም ያህል ቢበረታ ሰኮናው ካልቆነጠጠ ምን ይጎትታል?" አሉኝ። ቀጥለው ሒሳቡን በክብሪት እንጨት ጠረጴዛ ላይ ሠሩልኝ፤ እኔም ለእናንተ በቁጥር ላስቀምጠው።

ባዶ ፒክአፕ 15 ኩንታል ትመዝናለች እንበል። ሞተሩ ፊት ስለሆነ የኋላ ጎማዎች ላይ የሚያርፈው ስድስት ኩንታል ያህሉ ነው። እርጥብ ጭቃ ላይ ጎማ መግፋት የሚችለው ከተሸከመው ክብደት ሩቡን ቢሆን ነው፤ ይኸው 150 ኪሎ። መቶ ሜትር ስትሄዱ አሥር ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ደግሞ የመኪናዋን ክብደት አንድ አሥረኛ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ይህም 150 ኪሎ። እኩል ለእኩል። ጭቃው ራሱ የሚይዘው ሲጨመርበት ተሸነፋችሁ። አሁን ስድስት ኩንታል ልክ ከኋላ ጎማው በላይ ጫኑ። ኋላው 12 ኩንታል ሆነ፣ የሚገፋው 300 ኪሎ፣ ዳገቱ የሚጎትተው 210። ትወጣለች። ልብ በሉ፣ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሞተር የሚባል ነገር የለም። 90ም ሆነ 125፣ መሬቱ የሚቀበለው 150 ኪሎ ብቻ ከሆነ ቀሪው ጉልበት ጉድጓድ መቆፈሪያ ነው። ለዚህ ነው እኛ ስንወርድ የባሰባት፤ የኋላ ጎማውን ክብደት ነጠቅነው።

ታዲያ ሰው ከኋላ ቁሙ እያልኩ አይደለም፣ መኪናዋ ስትንሸራተት የሚወድቀው እሱ ነው። አሸዋ ወይም አፈር የሞላ ማዳበሪያ ከኋላ ጎማው በላይ ደርድሩና በገመድ እሰሩት። ከጎማው አልፎ ጫፉ ላይ የተጫነ ግን ፊቷን ያነሳና መሪው እንዳይታዘዝ ያደርጋል። ባሌስትራ ያስጨመራችሁም ይህን እወቁ፦ ባዶዋን ስትሄድ ኋላዋ ይዘላል፣ በዘለለ ቁጥር ጎማው መሬቱን ይለቃል።

ብርቱ ሞተር ያላት መኪና ላይ የእግር ነገር ይከብዳል። በአንደኛ ማርሽ የሞተሩ ጉልበት ጎማው ጋ ሲደርስ ከ15 ጊዜ በላይ ተባዝቶ ነው። ቱርቦ ደግሞ መጀመሪያ ዝም ይልና ድንገት ይመጣል፤ ጎማውን የሚያስነጥቀው ያቺ ድንገት ናት። ስለዚህ ጭቃ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ተነሱ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ሞተሩ አይጩህ። ጎማው መሽከርከር ሲጀምር ነዳጁን ወዲያው ልቀቁ። ካልያዘ አልያዘም፤ በቀጥታ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ከሜዳው እንደገና ጀምሩ።

አንዱ ጎማ እየዞረ ሌላው የሚቆመው ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን ወደ ቀለለው ጎማ ስለሚለቅ ነው። ሽማግሌው አንድ ዘዴ አሳይተውኛል፦ የእጅ ፍሬኑን አንድ ሁለት ጥርስ ብቻ ሳብ ማድረግ። የሚዞረው ጎማ ትንሽ ሲያዝ ጉልበቱ ለቆመውም ይደርሳል። ለጥቂት ሜትር ነው እንጂ ለመንገዱ ሁሉ አይደለም፣ ፍሬኑን ታቃጥሉታላችሁ። ቀላል ጭነት ከሆነ የኋላውን ንፋስ ከ35 ወደ 22 አካባቢ መቀነስም የጎማውን እግር ያሰፋዋል፤ ግን ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ከጭቃው እንደወጣችሁም መልሳችሁ ሙሉ። ከባድ ጭነት ካለ ፈጽሞ አትቀንሱ። ጎማው ራሱ ልስልስ ካለ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ የሞተሩን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጎሚስታ ቤት ሂዱ። ማስቀየራችሁ ካልቀረም የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ መኖሩን አትርሱ፣ ሳታስተካክሉ መንገድ አትውጡ።

ከኋላና ከገደሉ በኩል ደግሞ ሰው አይቁም። ታኮ የሚደረገው መኪናዋ ቆማ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ሹፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ ካሳየ በኋላ ነው፤ ያውም ከጎን ሆኖ በረዥም እንጨት እየገፉ።

ባለፈው ሐምሌ በዚያው መኪና፣ በዚያው መንገድ ወርጄ ነበር። ባለቤቱ ሞተሩን አልመለሰም፤ ጎማዎቹን ግን ጥርሳቸው ጥልቅ በሆኑ ቀይሯል፣ ስድስት ማዳበሪያ አሸዋም ሁሌ ከኋላ አለ። ያ እግሩን የተሰበረው ልጅ ረዳቱ ሆኗል። ዳገቱ ስር ስንደርስ ወርዶ ዱላውን ጭቃው ውስጥ እየሰካ እስከ ላይ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ "እናንተ በእግራችሁ ቅደሙ" አለን። ቀደምን። መኪናዋ ድምጿ ሳይሰማ ከኋላችን ቀስ እያለች ወጣች።