ለሩቅ የሚበቃ ጥይት

ጥይት አራት ክፍል አለው፦ ቀለሃ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር። ፋብሪካ አራቱን በሚሊዮን ቁጥር ገጥሞ ያወጣል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በደቡብ አፍሪካ ግን ጥይታቸውን ራሳቸው የሚገጥሙ አዳኞች ብዙ ናቸው። የተተኮሰውን ቀለሃ አጽድተው ለገዛ ጠመንጃቸው ልክ ያስተካክሉታል፤ አዲስ ካፕሱል ይከቱበታል፤ ባሩዱን ይመዝናሉ፤ አረሩን በሚፈልጉት ጥልቀት ይተክላሉ። ይህን ሁሉ የሚደክሙት ጥይቱን ኃይለኛ ለማድረግ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኃይል የሚፈልግ ሰው ትልቅ ጠመንጃ ይገዛል። እነሱ የሚደክሙት ሃያኛው ጥይት ከመጀመሪያው እንዳይለይ ነው።

*

በጌዴኦዋ ከተማ በዲላ ይህን የወጥነት ነገር ሳይብራራለት የሚረዳ ሰው ቡና ቀማሽ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እዚህ ቅርንጫፍ አለው፤ የይርጋጨፌ ቡና ደረጃ ሲወጣለት የኖረበት ከተማ ነው። በዓለም አቀፉ የቡና ቅምሻ ሥርዓት ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ ይቀዳል፤ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ቡና ተመዝኖ። አምስት የሆነበት ምክንያት ቀማሹ ስለሚጠማው አይደለም። አራቱ ግሩም ሆነው አምስተኛው ቢሻግት ናሙናው ነጥብ ያጣል። አንድ ወጣት ቀማሽ፣ «ጋሼ፣ ጥሩ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ አምስቱም እኩል ጥሩ መሆን አለባቸው» ብሎ አስረድቶኛል። ጥይት የሚገጥም ሰው ከባሩድ ሚዛኑ ፊት ተቀምጦ የሚያስበው ይህንኑ ነው።

*

ሚዛኑ የሚቆጥረው በግሬይን ነው። አንድ ግሬይን 0.065 ግራም ያህል ነው፤ ጠንቃቃ ሰው ደግሞ የግሬይንን አንድ አሥረኛ ለይቶ ይመዝናል፤ ከስድስት ሚሊግራም ትንሽ በለጥ ያለ ማለት ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሚሞተውም የሚጎዳውም ሰው የሚሳሳተው ግን በሚሊግራም አይደለም። የተሳሳተ የባሩድ ዓይነት የቀዳ፣ አንዱን ቀለሃ ሁለት ጊዜ የሞላ፣ ወይም ከአምራቹ ሰንጠረዥ በላይ የሄደ ሰው ነው ጠመንጃው ፊቱ ላይ የሚፈነዳው። ስለዚህ ሥራው ከሰንጠረዡ ዝቅተኛ መጠን ተነሥቶ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል፤ የቀለሃውን ግርጌና የካፕሱሉን መልክ እያዩ። ፍጥነት የሚያማልለው ሰው ይህን ሥራ ባይጀምር ይሻለዋል።

*

መቶ ሜትር ይዋሻል።

ከአፈሙዝ በሰከንድ 850 ሜትር የሚወጣ ጥይት እናስብ። አንዱ ጥይት ከሌላው 15 ሜትር በሰከንድ ቢዘገይ፣ መቶ ሜትር ላይ የሚያመጣው የከፍታ ልዩነት ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ነው፤ ወረቀቱ ላይ በዓይን አይለይም። አምስት መቶ ሜትር ላይ ያው ልዩነት ስምንት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጥይቱ አየር ላይ በቆየ መጠን የስበት ኃይል ስሕተቱን እያሰፋው ይሄዳል። መቶ ሜትር ላይ ሦስት ጥይት በአንድ ቀዳዳ አስገብቶ «ይኸው!» የሚል ሰው ስለ አምስት መቶ ሜትር የሚያውቀው ነገር የለም። ክሮኖግራፍ የሚባለው ፍጥነት መለኪያ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ወረቀቱ የደበቀውን እሱ ይናገራል።

ሦስት ጥይትም ይዋሻል። ሦስት ጥይት ተቀራርቦ መውደቅ በዕድልም ይሆናል። ያንኑ ጥይት ሃያ ጊዜ ቢተኩሱት ክቡ ይሰፋል፤ የሰፋው ክብ ነው የጠመንጃውና የጥይቱ እውነተኛ ልክ። ብዙ ሰው ጠባቡን ወረቀት ያስቀምጣል፤ ሰፊውን ይጥላል። መጣል ያለበት ጠባቡ ነበር።

*

ከአዳኝ ጋር የሚሄደው ጥይት ግን አንዱ ነው፤ የመጀመሪያው፣ ከቀዘቀዘ አፈሙዝ የሚወጣው። አፈሙዝ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ሲጸዳና ጥላሸት ሲይዝ ጥይቱ የሚወድቅበት ቦታ ሊለዋወጥ ይችላል። ኢላማ ሜዳ ላይ አሥረኛውን ጥይት አሳምሮ መተኮስ ለእንስሳው ምንም አይፈይድለትም።

*

ጌዴኦ ሩቅ የሚተኮስበት አገር አይደለም፤ ይህንን እንደ ጉድለት አላየውም። ከዲላ ተነሥተው ወደ ወናጎ፣ ወደ ይርጋጨፌ ወይም ወደ ቡሌ ሲወጡ ዓይን የሚያርፍበት ሁሉ ተደራርቦ የበቀለ ነው፤ ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡና፣ ከመካከሉ እንሰት፣ በየጥጉ ቤት። ይህ የሰውና የዛፍ አብሮ አኗኗር በመስከረም 2016 ዓ.ም. «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1999ኙ ቆጠራ 847,434 ሰው ይኖርበት የነበረው ዞን ስፋቱ 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ማለት ነው። የዘመኑ የአደን ጠመንጃ ወደ ላይ ዘንበል ብሎ ቢተኮስ ጥይቱ ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በዚህ ምድር ላይ ከእንሰቱ በስተጀርባ ሁልጊዜ ሰው አለ። አልሞ መተኮስ ሲባል ከኢላማው በስተጀርባ ያለውን ማወቅን ይጨምራል፤ ያ በማይታወቅበት ቦታ ቃታ አይሳብም።

*

ጠመንጃ ወደ ጌዴኦ የገባው ለአደን አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አገሩ በምኒልክ መንግሥት ሥር ሲውል ከነፍጠኛው ጋር ገባ፤ ገበሬውም ገባር ሆነ። ከዓድዋ በኋላ ሲዳሞን የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ አባ ነፍሶ፣ ስማቸው የገነነው በዓድዋ መድፈኝነታቸው ነው።

የዘመኑ ጠመንጃ በብዛት ውጅግራ ነበር፤ የፈረንሳዩ የ1874 እ.ኤ.አ. ግራ፣ አፉ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንዴ ጎርሶ አንዴ የሚተፋ፣ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ በጥቁር ባሩድ የሚገፋ። በዚያን ጊዜ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ገበያዎች ጥይት ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋር ለመገበያያ ያገለግል ነበር፤ ብሩ ሲመነዘር ጥይት ይሰጥ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ለገበያ የሚሆን ጥይት ቀለሃው ሙሉ መምሰሉ ይበቃል። ከገበያ ገበያ ሲዞር፣ ላብና ዝናብ ሲነካው የከረመ ጥይት ምን ያህል እንደሚተኮስ ማንም አይጠይቅም። ጥይት በቁጥር የሚከበርበት ልማድ እንደዚያ ባለ ጊዜ ሥር ሰደደ ብዬ አምናለሁ፤ ዝናር ሙሉ መታጠቅ ክብር ሆነ፤ ስለ አንዱ ጥይት ልክነት የተቆረቆረ ፎካሪ አልሰማሁም።

*

በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬ ሚጭሌ በተባለው ስፍራ ተነሣ። በቡናውና በመሬቱ ላይ የተጫነው ግፍ አልቻል ብሎት ነው። እሱ ጦርና ገጀራ ነበረው፤ በሌላው ወገን ጠመንጃ ነበረ። የዚያን ግጭት ውጤት የወሰነው የማንም አልሞ ተኳሽነት አልነበረም። የመሬቱ ጥያቄ መልስ ያገኘው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወሰን በተነሣው ግጭት ከ800 ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ስለዚህ ዲላ ላይ ተቀምጦ ስለ ጠመንጃ የሚጽፍ ሰው ቃላቱን መዝኖ ማውጣት አለበት። እዚህ የምጽፈው ስለ አደን ጥይት ነው፤ ሰው ላይ ስለሚተኮስ ጥይት የምጽፈው አንድም ነገር የለኝም፣ እንዳይኖር ከመመኘት በቀር።

*

ዛሬ በአገራችን ገጠር በብዛት የሚታየው መሣሪያ ክላሽ ነው። ጥይቱ 7.62 በ39፣ አረሩ በመዳብ ሽፋን የተለበጠ የጦር ሜዳ ጥይት ነው። ይህ አረር እንስሳ ሲመታ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት ያልፋል፤ ጠባብ ቀዳዳ ትቶ። እንስሳው ይሮጣል፤ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ጫካ ውስጥ ይሞታል፣ ሥጋውም ቆዳውም ለማንም ሳይሆን። ከሦስት መቶ ሜትር ወዲያ ደግሞ ጥይቱ በፍጥነት ይወርዳል። በዚህ መሣሪያ ሩቅ ያለ እንስሳ ላይ መተኮስ ማቁሰል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

*

ሩቅ የሚተኮስበት የኢትዮጵያ አደን ያለው በባሌና በአርሲ ደጋ ነው፤ ኦዶ ቡሉ፣ አባሸባ ደመሮ፣ ሙኔሳ ኩኬ በሚባሉት ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች። የሚፈለገው የደጋ አጋዘን ነው፤ በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1908 እ.ኤ.አ. ገድሎ ናሙናውን ወደ አገሩ ወሰደ፤ ሊዴከር በ1910 እ.ኤ.አ. በስሙ ሰየመው። ዓለም ስለ እሱ ያወቀው ከመቶ ዓመት ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው መካከል ነው።

ይህ እንስሳ የሚኖረው በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። 3,500 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቴክሳስ ወይም ጀርመን ቆላ ላይ ጥይቱን ገጥሞ፣ ሰንጠረዡን አውጥቶ የመጣ አዳኝ ጥይቱ እዚህ ከጠበቀው ቦታ ከፍ ብሎ ያርፍበታል፤ አየሩ ሳስቷልና አረሩን እንደዚያ አያዘገየውም። የደጋው ብርድ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፤ ብዙ የባሩድ ዓይነት በውርጭ ንጋት ኃይሉ ይቀንሳል፣ ቀትር ላይ በፀሐይ የሞቀው ያው ባሩድ ይፈጥናል። ሁለቱ ተጣፍተው ይስተካከላሉ ብሎ መገመት ግን አይቻልም፤ አየሩ የሚያመጣው ለውጥ ከርቀት ጋር ይጨምራል፣ የብርዱ ደግሞ በባሩዱ ዓይነት ይወሰናል።

ዳገትም አለ። ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች በሰያፍ ሲተኮስ ጥይቱ ሜዳ ላይ ከሚወድቅበት ከፍ ብሎ ይወድቃል፤ ስበት የሚጎትተው በአግድም ርቀቱ ልክ ነውና። የደጋ አጋዘን ደግሞ የሚታየው ከገደል ወዲያ ማዶ ነው።

እነዚህ ሁሉ በቤት ሚዛን አይስተካከሉም። ጥይቱ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢገጠም የሚመዘነው በሚተኮስበት ተራራ ላይ ነው።

*

አውሮፕላን ለአንድ መንገደኛ የሚፈቅደው የአደን ጥይት 5 ኪሎ ነው። ለመፈተሻም ለማደኛም ከበቂ በላይ ነው። «ጥይት እንዳይባክን» ብሎ ሰፈር ላይ ሳይፈትሽ ወደ ጫካ የሚገባ አዳኝ የሚቆጥበው ጥቂት ዶላር ነው፤ የሚከፍለው እንስሳው ነው።

*

እርሳስ ያለበት አረር ሲፈረካከስ ፍርፋሪው ሥጋና ሆድ ዕቃ ውስጥ ይቀራል። ጥንብ የሚበላ አሞራ ከዚያ ይመረዛል። ካሊፎርኒያ ኮንዶር የሚባለውን ትልቅ አሞራዋን የእርሳስ መርዝ ስለፈጀባት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአደን የእርሳስ ጥይት ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። በባሌ ተራሮች ላይ አጥንት ከከፍታ እየጣለ የሚሰብረው ጢማም አሞራ አለን፤ ጥንብ አንሣዎችም አሉ። ጥይቱን ራሱ የሚገጥም አዳኝ የመዳብ አረር መምረጥ ይችላል። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በእኩል ክብደት አረሩ ይረዝማል፤ ረጅም አረር ደግሞ ፈጥኖ የሚያሽከረክረው አፈሙዝ ይሻል። ሥራው በረታ እንጂ የሚቻል ነው።

*

በአገራችን የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ በቁጥር 541/1999 ወጥቷል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ደግሞ ቁጥር 1177/2012፤ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ወንጀል ነው። ይህን ጽሑፍ አንብቦ እቤቱ ባሩድ ሊመዝን የሚነሣ ወጣት ካለ እዚህ ላይ ያቁም። በደቡቡ ሁኔታ ሕጉ ትክክል ነው እላለሁ።

*

በአፍሪካ የአደን ሥራ ልማድ የቆሰለ እንስሳ እንደ ተገደለ ይቆጠራል፤ አዳኙ ይከፍላል። ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን ክፍያው ከቁስሉ በኋላ የሚመጣ ነው። እኔ የምለምነው ከቁስሉ በፊት ያለውን ነው።

የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና አደን የሚያስተናግዱት ድርጅቶች ይህን ይስሙኝ። ማንኛውም እንግዳ አዳኝ የደጋ አጋዘን ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት፣ አደኑ በሚካሄድበት ከፍታ ላይ፣ በማለዳው ብርድ፣ ከቀዘቀዘ አፈሙዝ የመጀመሪያውን ጥይት ወረቀት ላይ ይተኩስ፤ በማግስቱም፣ በሠልስቱም ይድገመው። በትክክል የመታበት ከፍተኛው ርቀት በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ጫካ ከገባ በኋላ ከዚያ ርቀት አንድ ሜትር እንኳ የራቀ እንስሳ ላይ እንዳይተኩስ አስጎብኚ አዳኙ የመከልከል ሥልጣን ይኑረው።