በበርሊን ዳርቻ ባሉ ደኖችና ባሕሮች መካከል በብስክሌት ስለ መጓዝ

ሰው ወደ ሌላ ሀገር ከተማ በሄደ ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው የሕንፃውን ከፍታና የመንገዱን ስፋት ነው። እኛም ባለፈው መስከረም ወደ በርሊን በሄድን ጊዜ ያደረግነው ይህንኑ ነበረ። በዚያ ከ25 ዓመት በላይ የኖረ አንድ ዘመዳችን ግን፤ «እስካሁን ያዩት የቤቱን ደጅ ነው፤ እሑድ ደግሞ ጓሮውን ላሳይዎ» አለን። ጓሮ ያለውም ከከተማው በስተ ምዕራብ የሚገኘውን ግሩነቫልድ የሚባለውን ደን ነው፤ ትርጓሜውም አረንጓዴ ደን ማለት ነው። ስፋቱ 3 ሺሕ ሄክታር ያህል ሲሆን በውስጡና በዳርቻው ብዙ ባሕሮች አሉ። ስለዚህ እሑድ ማለዳ ዘመዳችንና የ13 ዓመት ሴት ልጁ፥ እኛም ሦስተኛ ሆነን፥ በብስክሌት ለመጓዝ ተነሣን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

የተሰጠን ብስክሌት በጠጠርና በዐፈር መንገድ ለመሄድ የተሠራ ነው። መሪው እንደ እሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ጎማው ግን ሰፊና ጥርሳም ነው፤ ነፋሱም ጥቂት ላላ ተደርጎ ስለሚሞላ በጠጠር ላይ ሲሄድ ሰውን ብዙ አያንገጫግጭም። ስለ ብስክሌት አጀማመር ዘመዳችን የነገረንም እጅግ አስደነቀን። በ1817 ዓ.ም. በማንሃይም ከተማ በሁለት መንኰራኵር ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ የሄደው ካርል ድራይስ ማዕርጉ የደን ሹም ነበረና። እንግዲህ ብስክሌት ወደ ደን መግባቱ ወደ አባቱ ቤት መመለሱ ነው ብንል ሐሰት አይሆንም።

ጉዞአችንን የጀመርነው በደኑ ስም ከሚጠራው የባቡር ጣቢያ ነው። ወደ ደኑ ከመግባታችን በፊት ግን ልጅቱ፤ «አጎቴ፥ አስቀድመው ይህን ይዩ» ብላ 17ኛ ሐዲድ ወደሚባለው ስፍራ ወሰደችን። ከኦክቶበር 18 ቀን 1941 ዓ.ም. ጀምሮ የበርሊን አይሁድ ከዚህ ጣቢያ በባቡር እየተጫኑ ወደ ሞት ተልከዋል። በሐዲዱ ዳርና ዳር 186 የብረት ሳንቃዎች ተነጥፈዋል፤ በእያንዳንዱም ባቡሩ የተነሣበት ቀን፥ የተጫኑት ሰዎች ቍጥርና የተላኩበት ስፍራ ተጽፎበታል። በሐዲዱ መካከል ዛፍ በቅሎበታል፤ ይህም ከዚያ ስፍራ ዳግመኛ ባቡር እንዳይነሣ ምልክት ሆኖ ተጠብቋል። ልጅቱ ጽሕፈቱን እየተረጐመች አነበበችልን፤ እኛም ቆባችንን አውልቀን ጥቂት ጊዜ ዝም ብለን ቆምን። ደስ ለመሰኘት የወጣ ሰው ለምን ከዚህ ይጀምራል የሚል ቢኖር፥ ያለፈውን የማያውቅ እንግዳ የሚያየው ቅጠል ብቻ ነው ብለን እንመልስለታለን።

ከዚያም በሰፊው የደን ጥርጊያ ወደ ምዕራብ ሄደን ቶይፍልስቤርግ፥ ማለት የሰይጣን ተራራ፥ ወደሚባለው ኮረብታ ደረስን። ከባሕር ወለል በላይ 120 ሜትር ከፍ ይላል። ነገር ግን እግዚአብሔር ሲፈጥር ያቆመው ኮረብታ አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፈረሱት የበርሊን ቤቶች ፍርስራሽ በመኪና እየተጫነ ተከምሮ የተሠራ ነው። ዛሬ ዛፍ በቅሎበታል፤ ልጆችም በክረምት በበረዶ ይንሸራተቱበታል። እኛ በትንሹ ማርሽ እያለከለክን ስንወጣ፥ ከጎማችን በታች የስንት ሰው እልፍኝና ማድ ቤት እንደ ተቀበረ እናስብ ነበረ።

ከኮረብታው ወርደን ወደ ሃፈል ወንዝ ስንገሠግሥ መንገዱ ከጠጠር ወደ አሸዋ ተለወጠ። የዚያ ሀገር መሬት አሸዋማ ነውና የፊተኛው መንኰራኵር ድንገት ሰምጦብን ወደቅን። ልጅቱ እየሳቀች አነሣችንና፤ «አሸዋ ሲያገኙ ፍሬን አይያዙ፤ ማርሹን ያቅልሉ፤ ወደ ኋላ ተደግፈው ሳያቋርጡ ይርገጡ» ብላ አስተማረችን። እንዳለችውም ባደረግን ጊዜ አለፍን። ሰው በሸመገለ ጊዜ ከልጅ መማሩ ነውር አይደለም።

በወንዙ ዳር በ1899 ዓ.ም. ተሠርቶ የተፈጸመውን 55 ሜትር ከፍታ ያለውን የቀይ ጡብ ግንብ ካየን በኋላ፥ ወደ ምሥራቅ ዞረን ወደ ትንንሾቹ ባሕሮች ሄድን። እነዚህ ባሕሮች በጥንት ዘመን ምድሩን የሸፈነው በረዶ ሲቀልጥ ውሃው በቦረቦረው ሸለቆ ውስጥ እንደ ዶቃ ተሰክተው በተራ ይገኛሉ። ከእነርሱም ሽላኽተንዜ የሚባለው ዙሪያው ከ5 ኪሎሜትር ጥቂት ይበልጣል። በዳሩ ያለው መንገድ ጠባብና እግረኛ የሚበዛበት ስለ ሆነ ከብስክሌታችን ወርደን እየገፋን ሄድን። ሽማግሌዎች ከነልጅ ልጆቻቸው ይዋኙ ነበረ፤ የመግቢያ ዋጋ የሚጠይቅም አልነበረም።

ወደ መመለሻችን ላይ የዘመዳችን ጎማ ተበሳ። እርሱ ካላማዳሪያውን አውጥቶ ሲለጥፍ ልጅቱ ዛፎቹን ትመለከት ነበረና፤ «አባባ፥ ይህ ሁሉ ዛፍ ለምን እኩያ ሆነ? ለምንስ በሰልፍ ቆመ?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም፤ «በ1945 ዓ.ም. ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የከሰል ድንጋይ አልነበረም። ክረምቱም ከባድ ነበረ። ከ1948 እስከ 1949 ደግሞ ወደ ምዕራብ በርሊን የሚገባው መንገድ ሁሉ ተዘጋ። ሕዝቡ እንዳይሞት የደኑን አብዛኛውን ክፍል እየቈረጠ አነደደው። ይህ የምታዪው ከዚያ በኋላ የተተከለው ነው» አላት።

ይህን ከተናገረ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም መንፊያውን በእጁ እንደ ያዘ፤ «ልጄ፥ ያልነገርሁሽ ነገር አለ። አያትሽ እኔን ያስተማረችኝ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ እየሸጠች ነው። የደን ጠባቂ ባገኛት ጊዜ ሸክሟን ጥላ ባዶ እጇን ትመለስ ነበረ። አንድ ቀን በትምህርት ቤቴ በር ፊት ለፊት ስታልፍ ከጓደኞቼ ጋር ቆሜ አየኋት፤ እንዳላየ ሆንሁ። እርስዋም ገብቷት አንገቷን አቀርቅራ አለፈች። ይህንንም አንሥታብኝ ሳትወቅሰኝ ሞተች» አላት።

እኛ የምንመልሰው ቃል አጣን። ልጅቱ ግን ጥቂት አስባ፤ «እዚህም እኮ ስለ ብርድ ብለው ቈረጡ፤ ማንም አላፈረባቸውም» አለች። ዘመዳችንም ፊቱን ወደ ጎማው መልሶ፥ ጎማው ከሞላ በኋላ እንኳ ሲነፋ ቈየ።

በዚያች ሰዓት የሰማነው ነገር ስለ ደን ያለንን አሳብ ለወጠው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በርሊን እየሰፋ ሲሄድ የደኑ መሬት ለቤት መሥሪያ ይሸጥ ነበረ። በ1904 ዓ.ም. ጋዜጦች ይህን ተቃውመው ከሕዝቡ ወደ 30 ሺሕ ፊርማ ሰበሰቡ። በመጨረሻም በ1915 ዓ.ም. የበርሊንና የአካባቢው ከተሞች ማኅበር 10 ሺሕ ሄክታር ያህል ደን ከፕሩስያ መንግሥት በ50 ሚሊዮን ማርክ ገዛ። በውሉም ደኑ ለዘለቄታው ደን ሆኖ እንዲቀር፥ ለቤት መሥሪያም እንዳይሸጥ ተጻፈ። ደኑ ከነጋዴ እጅ የዳነው በውል ነው። ነገር ግን ይህ መልካም ውል በ1945 ክረምት ደኑን ከመጥረቢያ አላዳነውም፤ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ውል አያነብምና። ደኑ እንደ ገና ሊተከልና ሊያድግ የቻለው ለምድጃው ሌላ ማገዶ በተገኘ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ሥልጣንና ምክር በእጃቸው ያለ አንባቢዎቻችን ይህን እንዲያስቡልን እንለምናለን። ደን የሚጠበቅ በሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የማይሻር ውል ነው፤ ሁለተኛውም ለድኻ ምድጃ የሚሆን ሌላ እሳት ነው። ጭራሮ ተሸካሚዋን ማባረር ብቻ ደኑን አያሳድገውም፤ የተሸካሚዋንም ልጅ በእናቱ እንዲያፍር ያደርገዋል።

በእንጦጦም በ2020 ዓ.ም. ታላቅ መናፈሻ ተከፍቷል፤ በውስጡም የብስክሌት መንገድ አለ። ወደ ጣቢያው በተመለስን ጊዜ ዘመዳችን ለልጁ ወደ ሀገሩ ይዟት እንዲመጣ ቃል ገባላት። እርስዋም፤ «በብስክሌቱ መንገድ አይደለም፤ አስቀድመን አያቴ በወረደችበት መንገድ በእግራችን እንወጣለን» አለችው። እርሱም እሺ አላት።