የላስታ ልጆች መኪና

ከወልድያ ተነስቶ የድልብን አቀበት የወጣ መንገደኛ ጋሸና ሲደርስ መንገዱ ይከፈልበታል። ቀጥ ካለ ወደ ደብረ ታቦርና ወረታ ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ከታጠፈ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ላሊበላ ይገባል። ዋናውን መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ስለሠሩት፣ ሰው ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ተሳፋሪው ሁሉ ተራራውን ለማየት አንገቱን ሲያሰግግ እኔ የማየው የመንገዱን ዳር ነው። እዚያ ልጆች መኪና ይነዳሉ።

መኪኖቹ የሽቦና የቆርቆሮ ናቸው። አካሉ ከእርዳታ ዘይት ጣሳ ይቆረጣል። ጎማው ቆርኪ ነው፤ ወይም ካለቀ ነጠላ ጫማ ተከርክሞ ይወጣል። ከፊት ጎማዎቹ ረጅም ሽቦ ወደ ላይ ይመጣና ጫፉ ክብ መሪ ይሆናል። ልጁ ከኋላ እየሮጠ ይነዳል፤ መሪውን ሲጠመዝዝ የፊት ጎማው እውነትም ይዞራል።

ውጭ አገር ይህ ሥራ የአዋቂዎች መዝናኛ ነው። እንደ ጃፓኑ ታሚያ ያሉ ኩባንያዎች የመኪናውን ብልት በፕላስቲክ አትመው በካርቶን ይሸጣሉ። ገዢው ከነመመሪያው ይወስድና እየቆረጠ፣ እየሞረደ፣ እያጣበቀ፣ ቀለም እየቀባ ይገጣጥማል። የተለመደው መጠን ከዋናው 24 ጊዜ ያነሰ ነው፤ 4.8 ሜትር የሆነ መኪና 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። (በዚሁ ስሌት ወደ 12 ሜትር የሚጠጋው ቤተ ጊዮርጊስ ግማሽ ሜትር ይሆናል፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።) ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አልንቀውም። ነገር ግን የላስታው ልጅ መመሪያ የለውም። ያለው ዓይኑ ነው። አንድ አይሱዙ ጎማ ፈንድቶበት ዳር ሲይዝ ልጆቹ ከሥር አጎንብሰው የነዳጁን ጋን፣ ባሌስትራውን፣ ትርፍ ጎማው የታሰረበትን ሁሉ ያያሉ። በሳምንቱ ያዩት ነገር በሽቦ ተሠርቶ ይመጣል።

በእኔ ልጅነት የምንሠራው ኤንትሬ ነበር፤ ጋቢናው ሰፊ፣ ስፖንዳው ረጅም። አሁን የማየው ቅጥቅጥ፣ ላንድክሩዘርና ባጃጅ ነው። አንዱ ልጅ የሠራው ቅጥቅጥ ፖርቶመጋላው ላይ ትንንሽ ጆንያዎች ታስረውበታል፤ የጤፍ መሆናቸውን ነገረኝ። እኔ እንግዲህ እነዚህን ነው የምሰበስበው። ቤቴ ባለው መደርደሪያ ላይ በተሠሩበት ጊዜ ቅደም ተከተል ሲታዩ በዚያ መንገድ ምን እንዳለፈበት ይናገራሉ። በፎቶግራፍ የቀረ ነገር ግን ጥቂት ነው። የፕላስቲክ መጫወቻ ቅዳሜ ገበያ ድረስ ስለገባ፣ የሽቦው መኪና ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። ልጁ ሲያድግ ይጥለዋል፤ ቆርቆሮው ዝጎ ያልቃል። ሙዚየሞቻችን ለመስቀልና ለብራና ቦታ አላቸው፤ ለዚህም አንዲት መደርደሪያ ቢያገኙ እላለሁ።

የሙያዬን ነገር ካላነሳሁ አልተኛም። የጣሳው ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው። በፒንሳ ወይም በድንጋይ ወደ ውስጥ ይታጠፍ። ጣት ከተቆረጠ በሚፈስ ውኃና በሳሙና በደንብ ይታጠብ፤ አመድም ሆነ እበት አይነካው። መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ተህዋስ የሚገኘው በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ነው፤ ከቁስሉ በኋላም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ቆይቶ ይነሳል። ጥልቅ ቁስል ከሆነ ወይም የልጁ ክትባት ካልተሟላ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የግዢው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ጥር ከጋሸና ወደ ላሊበላ ስወርድ ባለ አራት በር ላንድክሩዘር የሚነዳ የአሥር ዓመት ልጅ አገኘሁ። በሮቹ ይከፈታሉ፣ ፓራውልት አለው፣ ፍሬቻው ከቀይ የብዕር ክዳን ተቆርጦ የገባ ነው። መቶ ብር አልኩት።

«አልሸጥም» አለኝ።

ሁለት መቶ አልኩ። ራሱን ነቀነቀ።

«ታዲያ በምን ትሰጠኛለህ ልጄ?»

«ሽቦ ካመጡልኝ ሌላ እሠራልዎታለሁ። ይቺ የኔ ናት።»

ሁለት ጥቅል ሽቦ ገዝቻለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ።