ሮዝ ፈርጥ ፍለጋ ፒያሳ

የቀለበት ነገር ሲነሳ የአዲስ አበባ ልጅ እግሩ የሚቀድመው ወደ ፒያሳ ነው። በ2016 ዓ.ም. ብዙ ቤቶቿ ፈርሰው መልኳ ቢለወጥም ልማዱ አልፈረሰም። እኔም ባለፈው ቅዳሜ ሁለት እጮኛሞችን ተከትዬ አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። እሷ የፈለገችው ሮዝ ሰንፔር ነው፤ እሱ የዓመት ቁጠባውን በኪሱ ይዟል።

ሁለት ፈርጥ ቀረበልን፤ አንዱ ትልቅና ፈዘዝ ያለ፣ አንዱ ትንሽና ደማቅ። በአምፖሉ ሥር ሁለቱም እሳት ናቸው! እናንተዬ፣ ቢጫ አምፖል ሮዙን ያቀላዋል። «በር ላይ እንያቸው» አልኩ። ሻጩ ፊቱ ጨፍገግ ቢልም አብሮን ወጣ (ድንጋዩን ብቻውን ማን ይለቃል?)። በፀሐይ ትልቁ ውሃ መሰለ። ትንሹ ትንሽ ወደ ሐምራዊ ቢያደላም ሮዝነቱን አልለቀቀም፤ ጠይም እጇ ላይ ስታስቀምጠውማ ሌላ ነገር ሆነ! እንዲህ ላለ እጅ እኔ ደማቁን እመርጣለሁ። ፈዛዛው በቢጫ ወርቅ ሲታሰር ጭራሽ ይጠፋል።

«በእሳት የታከመ ነው?» ስንለው «አብዛኛው እንደዚያ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ያልታከመ ነው ብሎ ዋጋ ከጨመረ ወረቀቱን ማሳየት አለበት።

እሱ ሆዬ «የደላንታ ኦፓል አይሻልም?» አለ፤ ርካሽ ነዋ! ኦፓሉ ውብ ነው፤ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎም ይጫራል። ዕቃ ለሚያጥብ እጅ ሰንፔር ይሻላል፤ በጥንካሬው ከአልማዝ ቀጥሎ የሚጠራ ነው።

ትንሹን ያዘች። እኔ ማኪያቶዬን ልጠጣ ወጣሁ፤ የዋጋው ክርክር የእነሱ ነው።