አምባዛን ሁላ ላይ አገኘነው



እኛ የቂርያት መላኪ ልጆች ነን። የተወለድነው እዚህ ነው፣ የምንማረውም በዕብራይስጥ ነው። አማርኛ የምንሰማው ቤት ውስጥ ነው።

ባለፈው ጸደይ ከአያታችን ጋር ወደ ሰሜን ለጉብኝት ሄድን። ሁላ ድሮ ሐይቅና ረግረግ ነበር። በ1950ዎቹ ውሃው እንዲደርቅ ተደረገ። ከቀረው ጥቂቱ ክፍል ከ1964 ጀምሮ የተጠበቀ የተፈጥሮ ቦታ ሆነ። ከእንጨቱ ድልድይ ላይ ቁልቁል ስናይ፣ ትልልቅ ጥቁር ዓሣዎች አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ አየር ይጎርሳሉ። አስጎብኚዋ «ስፋምኑን» አለችን፣ ጢማም እንደማለት ነው። አያታችን ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉና «አምባዛ ነው እኮ!» አሉ።

ከዚያ ብዙ ነገር ነገሯት። አስጎብኚዋ «ምን አሉ?» ብላ ወደ እኛ ዞረች። ግማሹ አልገባንም። የገባንንም በዕብራይስጥ መናገር አቃተን። «ዓሣውን አውቀዋለሁ ይላሉ» ብቻ አልናት። አያታችን ዝም አሉ።

ማታ እናታችን እየረዳችን እንደገና ጠየቅናቸው። ያደጉት ደምቢያ ነው፣ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን። «በበጋ ወንዙ ሲጎድል አምባዛ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ሞተ ስትሉት ይንቀሳቀሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃ ወደ ሞላው ሣር ይወጣል» አሉን።

የሳይንስ መጻሕፍትም የሚሉት ይህንኑ ነው። የሳይንስ ስሙ ክላሪያስ ጋሪፒኑስ ነው። በአፍ ዙሪያ ስምንት ጢሞች አሉት። በጨለማና በድፍርስ ውሃ ምግቡን የሚፈልገው በእነሱ ነው። ከስንጥቡ በላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ ሌላ መተንፈሻ አለው፣ ስለዚህ በአየር ይተነፍሳል፣ ጭቃ ውስጥም ይቆያል። እንቁላሉን ጎርፍ በሸፈነው ሣር ላይ ይጥላል እንጂ አይጠብቀውም። ከ1 ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል።

በጣም የገረመን ግን ሌላ ነው። ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ይላል። ሁላ 70 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዓሣው ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። ዘመድ ብቻ አይደለም፣ ራሱ ነው። ከደቡብ አፍሪካ እስከ ደቡብ ቱርክ ይገኛል።

«ትበሉት ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። አያታችን ሳቁ። «ቅርፊት የሌለውን? ኦሪት የከለከለውን? እኛ የምንበላው ቆሮሶ ነበር» አሉ። እኛ ለሰንበት የምንገዛው አምኑን የቆሮሶ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

አንዱ ዓሣ ሁለት ስም አለው። ያን ቀን ድልድዩ ላይ አንዱን ስም አስጎብኚዋ፣ ሌላውን አያታችን ያውቁ ነበር። እኛ መሃል ቆመን ማገናኘት አልቻልንም። ይህ አሳፈረን። ስለዚህ አያታችን ያሉትን ሁሉ በዕብራይስጥ ጽፈን ለአስጎብኚዋ ላክንላት። ከመላካችን በፊት በአማርኛ አነበብንላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡና «የጭቃውን ነገር ጻፋችሁት?» አሉን። ጽፈነዋል።

እናንተም የምታውቁትን የዓሣ፣ የወፍና የዛፍ ስም ንገሩን። አማርኛችን ከተሳሳተም አርሙን።