አባቶቻችን በከፈቱት መንገድ

ሰው የቱንም ያህል ከትውልድ አገሩ ርቆ ቢኖርና ኑሮው ቢደላው፥ ተወልዶ ያደገበትን ቀዬ ከልቡ ሊያወጣው አይችልም። ይሁን እንጂ አገርን ማሰብና ወደ አገር መሄድ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ይህን በራሳችን ደርሶ ስላየነው፥ ከአዲስ አበባ ወደ ሶዶ ጉራጌ ያደረግነውን አጭር ጉዞ ለውድ አንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እንተርካለን።

ዘመኑ 2010 ዓ.ም.፥ ቀኑም መስከረም 15 ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን የመኪናችንን ጎማና ዘይት ከመረመርን በኋላ፥ ለእናታችን የገዛነውን ጋቢ፥ ለጎረቤትም የሚሆን ቡናና ስኳር ጭነን ብቻችንን መንገድ ጀመርን። ጓደኛ ያልያዝነው ስለ ጠፋ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ከመላክ በቀር ወደ አገራችን ባለመሄዳችን አፍረን ስለ ነበር፥ በመንገድ ምክንያቱን የሚጠይቀን ሰው እንዳይኖር ብለን ነው።

ዓለም ገና ደርሰን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ፀሐይ ወጣች። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነውና የጤፉ ማሳ ለምልሞ፥ ዐደይ አበባውም በየመስኩ ፈክቶ ዐይንን ደስ ያሰኝ ነበር። መንገዱ ግን ሰላም ያለው አልነበረም፤ ለመስቀል ወደ አገሩ የሚገባው ሰው ብዙ በመሆኑ፥ ጣሪያቸው ላይ ዕቃ የተቈለለባቸው አውቶቡሶች ይሽቀዳደማሉ፤ ለበዓሉ የሚነዱ ሠንጋዎችም አስፋልቱን ይዘጋሉ። ብቻውን የሚነዳ ሰው ተው የሚለው የለውምና ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ ይገባዋል።

ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ተሻገርን። ይህ ስፍራ እጅግ ጥንታዊ የሆኑ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ሲሆን፥ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቶአል። ከዚያም አቅራቢያ፥ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ብሎ፥ ከአለት የተፈለፈለችው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች፤ ትውፊት ከቅዱስ ላሊበላ ሥራዎች ጋር ይቈጥራታል።

ድልድዩን ስናልፍ ግን ያሰብነው ስለ አባታችን ነበር። እርሳቸው በወጣትነታቸው ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በእግራቸው ነው። ሁለት ሌሊት በመንገድ ያድሩ እንደ ነበር፥ በክረምትም አዋሽ ሞልቶ መንገደኛውን እንደሚያግደው ነግረውናል። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆችና ሌሎችም የአካባቢው ሰዎች ማኅበር አቋቁመው፥ ከዓለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። ነጋዴው ከትርፉ፥ ጫማ ጠራጊውም ከዕለት ገቢው እየቀነሰ ሰጠ። አባታችንም በአነስተኛ ሱቃቸው ከሚያገኙት መዋጮአቸውን ይከፍሉ ነበር። ዛሬ በአስፋልት ላይ የምንከንፍበት መንገድ መጀመሪያ የተከፈተው እንዲህ ነው።

ጥቂት ቆይተን ጢያ ደረስን። በዚያ ከተተከሉት 36 ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው፤ በብዙዎቹም ላይ የጎራዴ ምስል ይታያል። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከጢያ ወጣ እንዳልን አንድ ሽማግሌ ዕቃ ተሸክመው በመንገዱ ዳር ሲሄዱ አየናቸውና ቆመን አሳፈርናቸው።

ሽማግሌው ተቀምጠው ከመረቁን በኋላ፥ «የማን ልጅ ነህ?» አሉን። የአባታችንን ስም ነገርናቸው።

«እርሱማ መስቀል ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም ነበር» አሉ። «መንገዱ ሳይኖር በእግሩ ነበር የሚመጣው። ኋላም መዋጮውን ሲያሰባስቡ፥ መንገዱ ሲያልቅ ልጆቻችን ጧት ተነሥተው ለምሳ ይደርሳሉ ይለን ነበር። አንተስ ልጄ፥ ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ስድስት ዓመቴ ነው፥ አባባ» አልን።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉና፥ «እንኳን መጣህ» ብቻ አሉን። ከተግሣጽ ሁሉ ይልቅ ይህ ቃል ከበደን። ልንሸሸው የፈለግነውን ጥያቄ ከቡኢ ሳንደርስ በገዛ መኪናችን ውስጥ አገኘነው።

ቤታችን ስንደርስ ገና ረፋድ ነበር። እናታችን ዐይናቸው ደክሞ ስለ ነበር በድምፃችን ዐወቁን። አንዳችም አልወቀሱን፤ ፊታችንን በእጃቸው ዳበሱና እንደ ልጅነታችን አጠገባቸው አስቀመጡን። ማታ ከሣጥናቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡን። ፈትተን ብናየው አባታችን ለመንገዱ የከፈሉባቸው አሮጌ ደረሰኞች ናቸው። «የመሬት ደብዳቤ ይመስል ነበር የሚጠብቃቸው» አሉን እናታችን።

በማግሥቱ ደመራው ተለኰሰ። ሽማግሌዎች ቆመው መረቁ፤ ተቀያይመው የከረሙ ጎረቤታሞችም ታረቁ። በመስቀል ዕለት፥ ሴቶቹ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ባጠራቀሙት ቅቤ የተለወሰው ክትፎ ከቆጮውና ከአይቡ ጋር ቀረበ። የእኛ ጋቢ፥ ቡናና ስኳር በዚያ ማእድ ፊት ምን ነበር? እናታችን የተደሰቱት በመምጣታችን እንጂ በጋቢው አልነበረም።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ አባታችን መኪና ሳይኖራቸው በየዓመቱ ደረሱ፤ እኛ መኪናም አስፋልትም ሳለን ስድስት ዓመት ቀረን። በአባታችን ዘመን ሩቅ የነበረው መንገዱ ነበር፤ በእኛ ዘመን ግን የራቀው ልባችን ነው። መንገድ በመዋጮ ይሠራል፤ ያለ ተመላሽ ልጅ የቀረች እናት ግን በተላከላት ገንዘብ አትጽናናም። ስለዚህ የሚጠብቃችሁ ወላጅ ያላችሁ ሁሉ፥ ሥራው እስኪቀልና ጓደኛ እስኪገኝ አትጠብቁ። ሰላም ባለበት ጊዜ፥ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ፥ ብቻችሁንም ቢሆን ሂዱ።